ስታቢላይዘር ለአማተር ውድድር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ላይ የቤት መኪናቸውን ለኮን ውድድርና በዝግ ሜዳ ለሚደረግ የሰዓት ፉክክር ለሚያዘጋጁ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ስታቢላይዘር ምንድን ነው? ሥራውስ?

በመኪናው ሆድ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ፣ ሁለቱ ጫፎቹ የታጠፉ የሞላ ብረት ነው። ስዌይ ባር፣ አንቲ ሮል ባር የሚሉትም አሉ፤ ሁሉም አንድ ነው። መሐሉ በሁለት ጎሚኒ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። ጫፎቹ በሊንክ (አጭር ማገናኛ ዘንግ) ከብራቾው (ጎማውን ከሻንሲው ጋር ከሚያገናኘው የታችኛው ክንድ) ወይም ከአሞርዛተሩ ጋር ይያያዛሉ።

መኪናው ኩርባ ሲይዝ ወደ ውጭ ይጋደማል። በውጭ በኩል ያለው ጎማ ወደ ሻንሲው ይጠጋል፣ የውስጡ ይርቃል፤ ያኔ ብረቱ እንደሚጨመቅ ልብስ ይጠመዘዛል። መጠምዘዙን ስለሚታገል መኪናው ብዙ አይጋደምም። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሁለቱም ጎማዎች እኩል ሲነሱ ግን ብረቱ በጎሚኒው ውስጥ ዝም ብሎ ይዞራል፤ ምንም አይሠራም።

ታዲያ ሞላውን በጠንካራ መቀየር አይሻልም?

ሞላ ሁልጊዜ ይሠራል፤ ጉብታ ላይም፣ ፍሬን ሲያዝም፣ ኩርባ ላይም። ስታቢላይዘር የሚሠራው ግራና ቀኝ ሲለያዩ ብቻ ነው። ቀን ቀን ቤተሰብ የሚያመላልስ መኪና ከሆነ ሞላውን ሳትነኩ የኩርባ ጠባዩን መቀየር የምትችሉት በስታቢላይዘር ነው። ዋጋውም ከአራት ሞላና ከአራት አሞርዛተር ያነሰ ነው።

ግን የደከመ አሞርዛተርን ስታቢላይዘር አይሸፍነውም። አሞርዛተሩ ዘይት የሚያፈስ ከሆነ ገንዘባችሁን መጀመሪያ እዚያ አውሉት።

ወፍራም ስታቢላይዘር ባስገባ መኪናው መንገድ የበለጠ ይይዛል?

በራሱ አይጨምርም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው ይህን ባለመረዳት ስለሆነ በቁጥር እንየው። 1,000 ኪሎ የሚመዝን፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ 1.45 ሜትር የሆነ መኪና ኩርባን በ0.8 ጂ (ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የክብደቱ 0.8 እጥፍ ሆኖ) ሲዞር ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭ ጎማዎች 276 ኪሎ ገደማ ይሻገራል። ይህን ቁጥር የሚወስኑት ክብደቱ፣ ከፍታው፣ ስፋቱና የኩርባው ኃይል ናቸው። ስታቢላይዘር አይቀንሰውም ማለት ይቻላል። ስታቢላይዘር የሚወስነው ከ276ቱ ኪሎ ምን ያህሉ በፊት ጎማዎች፣ ምን ያህሉ በኋላ ጎማዎች በኩል እንደሚሻገር ነው።

ይህ ለምን አስፈለገ? ጎማ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን የመያዝ አቅሙ እጥፍ አይሆንም። ሁለት የፊት ጎማዎች 300 እና 300 ኪሎ ተሸክመው የሚይዙትን ያህል 100 እና 500 ተሸክመው አይዙም። ስለዚህ ያጠነከራችሁት ወገን ከሚይዘው ይቀንሳል፣ ሌላው ወገን ያተርፋል። ስታቢላይዘር መምረጥ ማለት የመኪናውን የመያዝ አቅም ከፊት ወደ ኋላ ወይም ከኋላ ወደ ፊት ማዛወር ማለት ነው።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። የፊቱ አሞርዛተር ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ከሆነ (ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ስዊፍት፣ ዲዛየር እንዲህ ናቸው) መኪናው በጣም ሲጋደም የውጭው ጎማ ወደ ውጭ ያዘነብልና በትከሻው ይሄዳል። እንዲህ ባለው መኪና የፊቱን በመጠኑ ማጠንከር ጎማውን ቀና ስለሚያደርገው የፊቱን አያያዝ ሊያሻሽል ይችላል። ምልክቱ ጎማው ላይ ይታያል፦ ከውድድር በኋላ የውጭው ጠርዝ ተልጦ መሐሉ አዲስ ከመሰለ ችግሩ መጋደም ነው።

የፊቱን ላጠንክር ወይስ የኋላውን?

መጀመሪያ የትኛው ወገን እንደሚሸሽ እወቁ። መሪውን አዙራችሁ መኪናው አልታጠፍ ብሎ ወደ ውጭ ከተጓዘ ፊቱ እየሸሸ ነው። መኪናው ከምትፈልጉት በላይ ዞሮ ኋላው ሊቀድማችሁ ከፈለገ ኋላው እየሸሸ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ የሚሸሸውን ወገን አላሉ፣ ወይም ተቃራኒውን አጠንክሩ። መሬቱ ሸካራ ወይም እርጥብ ከሆነ ማላላቱን አስቀድሙ።

በፊት ጎማ የሚነዱት ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ስዊፍት፣ አዲሶቹ ኮሮላዎች ክብደታቸው ወደ 60 በመቶው ፊት ላይ ስለሆነ ከፋብሪካ ሲወጡም ፊታቸው የሚሸሽ ነው። ፋብሪካው ሆን ብሎ ነው፤ ለማያውቅ ሹፌር ፊቱ የሚሸሽ መኪና ከሚዞር መኪና ያነሰ አደጋ አለው። ለእነዚህ የኋላውን ማጠንከር ነው መድኃኒቱ። ኋላው ሲጠነክር የውስጥ የኋላ ጎማ ከመሬት ትንሽ ሊነሳ ይችላል፤ አያስደንግጣችሁ፣ ያ ጎማ አይነዳም። የውስጥ የፊት ጎማ ግን መሬት ላይ ስለሚቀር ከኩርባ ስትወጡ ነዳጅ ሲሰጠው በባዶ አይሽከረከርም።

በኋላ ጎማ ለሚነዱት፣ ለድሮው ዲኤክስ ኮሮላና ለላዳ፣ ነገሩ ይገለበጣል። የኋላው ከጠነከረ የውስጥ የኋላ ጎማ ይቀላል። ዲፈረንሻሉ ተራ ከሆነ ጉልበቱ ሁሉ ወደዚያ ወደ ቀለለው ጎማ ይሄድና መኪናው ጭስ እያወጣ ይቆማል። እዚህ የፊቱን አጠንክሩ፣ የኋላውን ተዉት።

ከፍታውንም አስቡበት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትርን ታልፋለች፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ጉልበቱን 15 በመቶ ገደማ ያጣል። ኩርባ ላይ ያጣችሁትን ፍጥነት በቀጥታው መመለስ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ እዚህ ይከብዳል። ስለዚህ በ1.3 ሊትር መኪና ሰዓት የሚገኘው ኩርባ ውስጥ ነው።

የኔ ቪትዝ ከኋላ ስታቢላይዘር የለውም። ምን ይደረጋል?

የኋላው ቶርሽን ቢም ነው፤ ሁለቱን የኋላ ክንዶች የሚያገናኘው ወፍራም ተሻጋሪ ብረት ራሱ እየተጠመዘዘ የስታቢላይዘርን ሥራ ይሠራል። በአንዳንድ ሞዴሎች በውስጡ ተጨማሪ ዘንግ ተበይዶበት ይመጣል፤ በመኪናው ሥር ተኝታችሁ በባትሪ ብታዩ ይታያል።

ለእንዲህ ዓይነቱ የሚጨመረው ባር ሊንክም ጎሚኒም የለውም፤ ከሁለቱ ክንዶች ጋር በብሎን ተጠርቆ ይታሰራል። ብሎኑ ከላላ ብረቱ ከመጠምዘዙ በፊት ስለሚንሸራተት ጥቅሙ ይጠፋል፤ ከአንድ ቀን ሩጫ በኋላ ሁሉንም ብሎን በቁልፍ ፈትሹ። ቢሙን ራሱን በብየዳ ማጠንከር ግን አትሞክሩ። ሙቀቱ በገባበት ጠርዝ ላይ ብረቱ ይሰነጠቃል፤ ሲሰበር የሚለቀው የኋላ ጎማ ነው።

ስንት ሚሊ ሜትር ልጨምር?

ከምታስቡት ያነሰ። ጥንካሬው የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ኃይል ነው። ከ20 ወደ 22 ሚሊ ሜትር መሄድ ለዓይን ምንም አይደለም፤ ጥንካሬው ግን 46 በመቶ ይጨምራል። ከ20 ወደ 24 ከሄዳችሁ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከሦስት በላይ በአንድ ጊዜ አትዝለሉ።

የባሩ ክንድ (የታጠፈው ጫፉ) ርዝመትም እንደ ውፍረቱ ይቆጠራል። ሊንኩ የሚታሰርበት ቀዳዳ ወደ መታጠፊያው በተጠጋ ቁጥር ብረቱ ይጠነክራል። 200 ሚሊ ሜትር የነበረውን ክንድ ወደ 180 ብታሳጥሩ 23 በመቶ ጥንካሬ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ ያለው ባር ከተገኘ ከአንድ ወፍራም ባር ይመረጣል፤ ዝናብ ሲመጣ በአሥር ደቂቃ ታላሉታላችሁ።

ውስጡ ክፍት የሆነው ባርም አይናቅ። 24 ሚሊ ሜትር ሆኖ ግድግዳው 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ባር ከሙሉው ጥንካሬ 80 በመቶውን ይዞ ክብደቱ በ44 በመቶ ያንሳል።

ያለኝን ውፍረት እንዴት እለካለሁ?

በሁለቱ ጎሚኒዎች መካከል ባለው ቀጥ ያለ ክፍል ላይ ጭቃውንና የተላላጠውን ቀለም በሽቦ ብሩሽ አጽዱና በካሊፐር ለኩ። መታጠፊያው ላይ አትለኩ፤ እዚያ ብረቱ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ካሊፐር ከሌለ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ብረቱ ላይ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ የሚገናኝበትን በእስክሪብቶ አስምሩ፣ ዘርግታችሁ በማስመሪያ ለኩና ለ3.14 አካፍሉ። 63 ሚሊ ሜትር ከሆነ ባሩ 20 ነው፤ 69 ከሆነ 22።

ከውፍረቱ ጋር የክንዱን ርዝመትም ለኩ። ከቀጥተኛው ብረት መሐል መስመር እስከ ሊንኩ ቀዳዳ መሐል ያለው ቀጥ ያለ ርቀት ነው የሚፈለገው፤ በታጠፈው ብረት ላይ ሜትር እያስኬዱ መለካት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

ከአዲስ አበባ ያገለገለ ላስመጣ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ሶማሌ ተራ ሄዶ የተሳሳተ ዕቃ ይዞ መመለስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ያንኑ ያህል መመለስ ነው። ከመላካችሁ በፊት የናንተን ባር ቅርጽ በወፍራም ሽቦ አጥፋችሁ ናሙና ሥሩ፤ ስም ከመጥራት ናሙና ማሳየት ይሻላል። ተመሳሳይ ስም ያለው መኪና በሞዴል ዓመቱና በሞተሩ መጠን የተለያየ ባር ሊኖረው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ትልቅ ሞተር ያለው የዚያው መኪና ዓይነት ወፍራሙን ይይዛል፣ ቦታውም ይገጥማል።

ባሩ በእጃችሁ ሲገባ ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስተኙት። ሁለቱ ክንዶች እኩል ካልተቀመጡ፣ አንዱ ከወለሉ ተነስቶ ከቀረ፣ የተጋጨ መኪና ላይ የነበረ ነው፤ ተዉት። ጎሚኒው የተቀመጠበት ቦታ በዝገት ተበልቶ እንደሆነ በጣት ዳብሱ። ሙሉ ይሁን ክፍት በክብደቱ ይታወቃል፤ ሙሉ የ22 ሚሊ ሜትር ብረት በሜትር 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

እዚሁ ጅማ ቶርኖ ቤት ማሠራት አልችልም?

ሊንኩን፣ የማሰሪያ ቅንፉን፣ ማጠናከሪያ ላሜራውን አሠሩ፤ ጥሩ አድርገው ይሠሩላችኋል። ባሩን ግን አታሠሩ። ከፌሮ የታጠፈ ባር የሚያታልለው መጀመሪያ ላይ የሚሠራ መስሎ ስለሚታይ ነው። ውፍረቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ፌሮም የሞላ ብረትም ጥንካሬያቸው ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ሲጠመዘዝ ወደ ነበረበት በመመለሱ ላይ ነው። ፌሮ ጥቂት ኃይለኛ ኩርባዎች ካለፈ በኋላ ጠምዛዛ ሆኖ ይቀርና መኪናው በቀጥታ መንገድ ላይ እንኳ በአንድ ጎኑ የተጫነ ይሆናል።

እውነተኛውን የሞላ ብረት በጋዝ እሳት አሙቆ ማጠፍም አያዋጣም። ሙቀት ከገባበት በኋላ መልሶ ማጠንከርና ማላላት የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ያለ ምድጃና ያለ መለኪያ አይሆንም። በተለይ ክንዱ ላይ ምንም ነገር አትበይዱ፤ ስብራቱ ብዙ ጊዜ ከብየዳው አጠገብ ይጀምራል። ለቅንፍና ለሊንክ የምትጠቀሙት ብሎን ራሱ ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ቁጥር ይኑረው።

ጎሚኒና ሊንክ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣሉ?

ያመጣሉ፤ እንዲያውም አዲስ ባር ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቱን አዲስ አድርጋችሁ ሞክሩ። ሊንኩ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለ መኪናው መጋደም ሲጀምር ባሩ የለም ማለት ነው፤ ከዚያ ድንገት ይይዛል። ሹፌሩ የሚሰማው መጀመሪያ መላላት፣ ቀጥሎ ንጥቂያ ነው። ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ከፊት «ኳ ኳ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ሊንክ ይሁን። ለመፈተሽ መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ሊንኩን በእጅ ይዛችሁ ነቅንቁ፤ ቴስታው (ጫፉ ላይ ያለው ኳስ መገጣጠሚያ) ከተንቀጫቀጨ አልቋል።

የባሩ ውፍረት ሲቀየር ጎሚኒውም በልኩ ይቀየራል። የ20 ጎሚኒ ለ22 ባር ተቦርቡሮ አይሆንም። ፖሊዩሬቴን ጎሚኒ ይጠነክራል፣ ግን ካልተቀባ ይጮኻል፣ ባሩንም ይይዛል። የሲሊኮን ቅባት ቀቡት። የተለመደውን ግራሶ ተራ ጎሚኒ ላይ አትቀቡ፤ የነዳጅ ዘር ያለው ቅባት ላስቲኩን አሳብጦ ያበላሸዋል።

ሲገጠም መጠንቀቅ ያለብኝ ምንድን ነው?

በአንድ ወገን ብቻ ክሪክ አድርጋችሁ ሊንክ አትፍቱ። ባሩ ተጠምዝዞ ስለሚጠብቅ ዳዶው ሲወልቅ ይዘላል፤ እጅ ይሰብራል። ወይ ሁለቱንም ጎን አንሱና በቋሚ ድጋፍ አስቀምጡ፣ ወይ መኪናው በአራት ጎማው ጉድጓድ ላይ ይቁም።

የመጨረሻው ሊንክ የሚታሰረው መኪናው በእኩል ወለል ላይ ቆሞ፣ የሹፌሩ ክብደት ወንበሩ ላይ ሆኖ ነው። ሹፌሩ ራሱ ቢቀመጥ ጥሩ፤ ካልሆነ 50 ኪሎ የስሚንቶ ከረጢትና የጎደለውን የሚሞላ ሌላ ነገር ወንበሩ ላይ አድርጉ። አንዱን ጎን እሰሩ። የሌላኛው ጎን ብሎን ያለ መዶሻ፣ ያለ ሊቨር፣ በሁለት ጣት ተገፍቶ ቀዳዳው ውስጥ መግባት አለበት። ካልገባ ባሩ ቆሞ እያለም ተጠምዝዟል ማለት ነው፤ የሚረዝምና የሚያጥር ሊንክ ካላችሁ እያዞራችሁ አስተካክሉ። ይህን የዘለለ መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ አንድ ዓይነት፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ሌላ ዓይነት ይሆናል።

ሲያልቅ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙራችሁ ባሩ ጎማውን፣ ሰሚያሱን (ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ዘንግ)፣ የፍሬን ቱቦውን እንደማይነካ በዓይናችሁ እዩ። ባሩ የሚታሰርበት ላሜራ የዛገ ወይም ቀጭን ከሆነ በ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይጠናከር፤ ባር ሲጠነክር የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ማሰሪያው ነው።

ለውጡ ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በሰዓት። ስሜት ያታልላል፤ የማይጋደም መኪና ፈጣን ይመስላል። ባለቤቱ የፈቀደላችሁ ዝግ ሜዳ ፈልጉ፤ ወደ ጊቤ የሚያወርዱት ኩርባዎች የሕዝብ መንገድ ናቸው፣ መሞከሪያ አይደሉም። 15 ሜትር ገመድ መሐል ላይ ችካል አድርጋችሁ ዙሩና በኮን ወይም በአሮጌ ጎማ ክብ ሥሩ፤ ከክቡ ውጭ ለመሸሻ ባዶ ቦታ ይኑር። ጎማዎቹን አሙቁ፣ ንፋሱን አስተካክሉ፣ መሪውን ሳታወዛውዙ መኪናው ሊሸሽ እስኪል ድረስ ዙሩ። በየአቅጣጫው ሦስት ዙር ሰዓት ያዙና አማካዩን ጻፉ። በዚህ ክብ 9.0 ሰከንድ ማለት 0.75 ጂ ገደማ ነው፤ 8.5 ሰከንድ 0.84 ጂ ገደማ። ፍጥነቱ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ ስለሆነ ብዙ አያስፈራም።

አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ደግማችሁ ለኩ። ባርና የጎማ ንፋስ በአንድ ቀን ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ክቡ የሚያሳየው የረጋ ኩርባን ብቻ ነው፤ በ15 ሜትር ርቀት የተደረደሩ ኮኖችን በመጠማዘዝ ማለፍም ጨምሩበት፤ ኋላው ከመጠን በላይ የጠነከረ መኪና እዚያ ላይ ይገለጣል።

ዝናብ ሲሆንስ? ፒስታ ላይስ?

ጅማ ላይ ይህ ጥያቄ ለጥቂት ወራት ብቻ አይደለም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዋናው ጥያቄ ነው። እርጥብ መሬት ላይ ጎማው ትንሽ ስለሚይዝ መኪናው ብዙ አይጋደምም፤ ጠንካራ ባር የሚሰጠው ጥቅም ያንሳል፣ የኋላው ድንገት መሸሽ ግን እንዳለ ይቆያል። በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ላይ የኋላውን ባር ወደ ላላው ቀዳዳ አውርዱ ወይም ፍቱት። ስትፈቱ ሊንኮቹን ሙሉ በሙሉ አውልቁ፣ የባሩን ክንድ በሽቦ አስራችሁ ከጎማው አርቁ።

ፒስታና ኮብልስቶን ላይ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ባሩ ሌላኛውንም ጎማ ያነሳዋል። ሁለቱም ጎማ ከመሬት ተለያይቶ ይዘላል፣ መኪናው ወደ ጎን ይንሸራተታል። ለሸካራ መሬት ቀጭን ባር፣ ጥሩ አሞርዛተር ይሻላል።

ወፍራም ባር አስገብቼ መኪናው ባሰበት። ምን ሆነ?

ከተለመዱት ምክንያቶች አንደኛው በተሳሳተው ወገን ማስገባት ነው፤ በፊት ጎማ በሚነዳ መኪና የፊቱን ብቻ አወፍሮ መኪናው የባሰ አልታጠፍ ማለት። ሁለተኛው የውስጥ ጎማ ሙሉ በሙሉ ከመሬት መነሳት ነው። አንድ ጎማ አንዴ ከተነሳ በኋላ በዚያ ወገን የሚሻገር ክብደት የለም፤ ከዚያ በላይ ባሩን ብታወፍሩ ምንም አትጨምሩም። ጓደኛ ከጎን ሆኖ በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽና ጎማው የት ላይ እንደሚነሳ እዩ።

ሦስተኛው ከኩርባው ክፍል ጋር የተያያዘ ነው። ፊቱ የሚሸሸው መግቢያው ላይ ብቻ ከሆነ፣ ፍሬን ለቃችሁ መሪ ስታዞሩ፣ ጥፋቱ የአሞርዛተር ወይም የአነዳድ ሊሆን ይችላል። ባር በደንብ የሚናገረው ኩርባው መሐል፣ መሪም ነዳጅም በረጋበት ቦታ ነው። ትንሽ ልዩነት ብቻ ከቀረ ደግሞ ባር አትቀይሩ፤ በሚሸሸው ወገን ንፋሱን በ2 ፒኤስአይ ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ሰዓቱን እዩ።

የፊቱን ስታቢላይዘር ጭራሽ አውልቄ መወዳደር እችላለሁ?

በፊት ጎማ በሚነዳ መኪና የፊቱን አውልቀው የሚወዳደሩ አሉ፤ የውስጥ የፊት ጎማ መሬት በደንብ ስለሚነክስ ከጠባብ ኩርባ መውጣት ይቀላል። ይህ የሚሠራው ግን የፊት ሞላው ከፋብሪካው ከጠነከረ ነው። በፋብሪካ ሞላ ካወለቃችሁት መኪናው ተጋድሞ ጎማው በትከሻው ይሄዳል፤ ያተረፋችሁትን ትከፍላላችሁ።

ከማውለቃችሁ በፊት ግን ብራቾውን እዩ። ብራቾው ከሻንሲው ጋር በሁለት ቦታ ከታሰረ፣ ወይም በአንድ ቦታ ታስሮ ለብቻው የፊትና የኋላ መያዣ ዘንግ ካለው፣ ባሩ ቢወጣ ጎማው ቦታውን አይለቅም። ብራቾው በአንድ ጎሚኒ ብቻ ታስሮ የባሩ ጫፍ በቀጥታ ብራቾው ውስጥ አልፎ በዳዶ የታሰረ ከሆነ፣ እንደ አሮጌው ማሩቲ ሱዙኪ፣ ጎማው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ የያዘው ያው ባር ነው። እሱን አውልቃችሁ ፍሬን ስትይዙ ጎማው ወደ ኋላ ይሸሻል። በእንዲህ ያለ መኪና ባሩ አይወልቅም፣ ክንዱ አያጥርም፣ ጫፉ ላይ ያለው ጎሚኒና ሮንዴላም ከየውድድሩ በፊት ይፈተሻል።